ለአባዬ የታደነችው ኤልክ

የገዛ ቤቴን ፍሪዘር መክፈት ከፈራሁ ሰነበትኩ። ቀልዴን አይደለም። አንድ ከረጢት ምስር ላወጣ ጋራዥ ገብቼ ክዳኑን ከፈት ሳደርግ መጀመሪያ የሚቀበለኝ እግር ነው። አዎ፣ እግር። ከነሰኮናው፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ወደ ላይ ቀና ብሎ። ከእግሩ ሥር እስከ ታች ድረስ በነጭ ወረቀት የተጠቀለለ ሥጋ ነው። ባለቤቴ በጥቁር እስክሪብቶ «ሽንጥ»፣ «ዳቢት»፣ «ጎድን» እያለ ጽፎበታል። አንዱ ላይ ደግሞ «ዳረል ስሙን ያላወቀው» ይላል፤ ዳረልን ኋላ አስተዋውቃችኋለሁ።

ይህን ሥጋ የሚበላ ሰው በቤቴ የለም። መጣል አይቻልም፣ ሕግ ይከለክላል። መሸጥም አይቻልም፣ እሱንም ሕግ ይከለክላል። መስጠትስ አትሉኝም? እደርስበታለሁ። እስቲ ተመቻችታችሁ ተቀመጡ፤ ስናደድ አጭር ማውራት አልችልበትም።

ነገሩ የተጀመረው በአባዬ ነው። አባቴ እኛ ጋ ቴክሳስ፣ ዋይሊ የምትባል ከተማ መጥተው መኖር ከጀመሩ ወዲህ ሁሉን ነገር ለምደዋል። አየር ማቀዝቀዣውን ለምደዋል፤ ጎረቤት ሰላም ሳይል መኪናውን እያስነሳ መሄዱን ለምደዋል። ሥጋውን ግን እምቢ አሉ። በላስቲክ የታሸገ ሥጋ ስታሳዩአቸው «ማን ባረከው?» ይላሉ። ቢላው አንገቱ ላይ ሲያርፍ በስመ አብ ያለው ማን ነው? ምን ብላችሁ ትመልሳላችሁ? ማሽን ነው ልትሉ ነው?

መጀመሪያ ላይ ችግር አልነበረም። ከዴንተን ከተማ ወዲያ አንድ ሽማግሌ ከብት አርቢ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ አበሻው ሁሉ እዚያ ይሄድና ፍየሉን መርጦ፣ በገዛ እጁ ባርኮ አርዶ ይመለሳል። አባዬ እዚያ የሚሄዱ ቀን ከሁላችንም ቀድመው ለብሰው በር ላይ ይጠብቁን ነበር። ከዚያ ሰውዬው መሬቱን ሸጠው። ዛሬ ፍየሎቹ ይቆሙበት የነበረው ቦታ ላይ፣ ቀለማቸው ሳይቀር አንድ ዓይነት የሆኑ ቤቶች ተደርድረዋል። በዚህ በእኛ ሰፈር ባዶ ሜዳ ካያችሁ ቶሎ ብላችሁ ፎቶ አንሱት።

እዚህ ላይ ባለቤቴ ይገባል። አለማየሁ ይባላል፤ ዳላስ አንድ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳል። ጥሩ ሰው ነው። ችግሩም ጥሩነቱ ነው። አማቴ ሥጋ ከቀመሱ ቆዩ ብሎ ሲብሰለሰል ከረመና አንድ ቀን ጥብስ ሠርቶ አቀረበላቸው። ካበሻው ሥጋ ቤት ነው የገዛሁት፣ ሲባረክም በዓይኔ አይቻለሁ አላቸው። አባዬ አማትበው አንዴ ጎረሱ። ሁለተኛውን ጠቅልለው ወደ አፋቸው ሲያስጠጉ ልጃችን ሶልያና፣ ሁለተኛ ክፍል ናት፣ ከወንበሯ ብድግ አለች።

«ኖ ዳዲ! ከስቶር ነው እኮ። እኔ ነኝ ፒክ ያደረግሁት! ረድ ስቲከር ያለው!»

አባዬ ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሱት። አልተቆጡም። ቢቆጡ በስንት ጣዕሙ! ከዚያን ቀን ጀምሮ ባለቤቴን «አቶ አለማየሁ» ይሉት ጀመር። ልጄ፣ አለሙ፣ አንተ ሲሉት የኖሩት ሰውዬ እርስዎ አሉት። «አቶ አለማየሁ፣ ውሃውን ቢያቀብሉኝ።» አክብሮት እንዲህ እንደሚያቃጥል ያወቅሁት ያኔ ነው። አለማየሁ ውሃውን ባቀበለ ቁጥር ጆሮው ይቀላል።

ከዚያ በኋላማ ምን ዋጋ አለው? ከቤታችን አሥር ደቂቃ የሚርቅ ያበሻ ሥጋ ቤት አለ፤ ባለቤቱ እውነትም በሬውን ከእርባታው ድረስ ሄዶ ባርኮ የሚያርድ ሰው ነው። አለማየሁ አንድ ቅዳሜ አብሮት ሄዶ፣ ቆሞ ሲታረድ አይቶ፣ ሥጋውን ይዞ መጣ። አባዬ «ማን አየ?» አሉ። «እኔ አይቻለሁ አባባ» አለ። አባዬ ሽሯቸውን ጠቀለሉ። እኔ መሀል ቆሜ አንዴ የባሌን ፊት፣ አንዴ የአባቴን ፊት አያለሁ። ሥጋውን በመጨረሻ ማን በላው? እኔና ሶልያና።

ይሄም ባልከፋ። ግን ሐኪሙ አባዬን መርምሮ ደማቸው አንሷል አለ። የሰጣቸው ክኒን ሆዳቸውን አወከውና ተዉት። ቀይ ሥጋ ይብሉ፣ ግን ኮሌስትሮል ስላለባቸው ስብ የሌለው ይሁን አለን። ስብ የሌለው፣ ቀይ፣ የተባረከ፣ ሲባረክም የታመነ ሰው ያየው ሥጋ! ይህን ከየት አመጣለሁ? ሱሪያቸው እየሰፋ ሄደ። ቀበቷቸው ላይ አዲስ ቀዳዳ የበሳሁት እኔ ነኝ፣ በምስማር። ምግብ ባቀረብኩ ቁጥር ለገና ወደ አገሬ መልሱኝ፣ የሚታረደውን በማውቅበት ልሙት ይሉኛል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። በዚያ አቅማቸው ያን ሁሉ ሰዓት በአውሮፕላን ተሳፍረው ይደርሱልኛል ብዬ አላመንኩም። ቢደርሱስ፣ ዳግመኛ አያቸዋለሁ? ሽንት ቤት ገብቼ ውሃ ከፍቼ ያለቀስኩበት ቀን አለ።

አሁን ዳረልን ላስተዋውቃችሁ። ዳረል የአለማየሁ የሥራ ባልደረባ ነው፤ ጡረታ ሊወጣ የተቃረበ፣ ቡና ሲጠጣ ጢሙ ኩባያው ውስጥ የሚነከር የዚሁ የቴክሳስ ሰው። ምሳ ሰዓት ላይ አለማየሁ የቤቱን ጭንቀት ሲያዋየው፣ ዳረል ማሰብ እንኳ ሳያስፈልገው ኤልክ አለው። በዓለም ላይ እንደ ኤልክ ስብ የሌለው ቀይ ሥጋ የለም፣ በየዓመቱ ኮሎራዶ ሄጄ አድናለሁ፣ ከፈለግህ አብረን እንሂድ አለው። ኤልክን ለማታውቁ፣ ፈረስ የሚያህል አጋዘን ነው።

አለማየሁ ያን ቀን ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ነው ወጥ ቤት የገባው።

«ሰኒ፣ ስሚኝ። ስብ የለውም፣ ቀይ ነው፣ የማርደው ደግሞ እኔው ነኝ! ሶ፣ ማን አየ የሚባል ነገር የለም። ማለቴ፣ ያየሁትም የባረክሁትም እኔ ነኛ!»

«አንተ? ዶሮ ስታርድ ዓይንህን የምትጨፍነው ሰውዬ?» አልኩት።

«እሱ ዶሮ ነው፣ ሰኒ። ይሄ ሌላ ነው።»

ኤልክ ለማደን ዕጣ ይወጣል። ዲቪ የደረሰው ሰው ደግሞ አያድርስ ነው፤ ዕጣ የሚባል ነገር ሁሉ ለእሱ የተዘጋጀ ይመስለዋል። ሞላ። ደረሰው። የሴት ኤልክ፣ በኅዳር፣ ኮሎራዶ ተራራ ላይ። ቀኑን ሳይ ግን የአደኑ ማብቂያ የገና ጾም ሊገባ አንድ ሐሙስ ሲቀረው ነው። አለማየሁ፣ ጾም እኮ ነው ስለው ለቅበላ እደርሳለሁ፣ ኦኬ? አለኝ። ከዚያ የዳረልን ትርፍ ጠመንጃ ተውሶ የአዳኞች ትምህርት ተመዘገበ።

ለአባዬ መንገር የእኔ ድርሻ ሆነ። አባዬ ረጋ ብለው ሰሙኝና መጀመሪያ የጠየቁኝ ሰኮናውን ነው። ስንጥቅ ነው ወይስ ድፍን? ስንጥቅ ነው አልኩ። ያመሰኳል? አሉ። ይሄን እንኳ አላውቅም ነበር። ስልኬን አውጥቼ ኤልክ ተኝታ ስታመሰኳ የሚያሳይ ቪዲዮ ፈልጌ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አዩት። ከዚያ መልሰው ከመጀመሪያው አዩት። «ማመስኳቱንስ ታመሰኳለች» አሉ፣ ትንሽ ቅር እያላቸው።

ቀጥለው ቃላቸውን ሰጡ። በጥይት የሞተ በክት ነው። እስትንፋሷ ሳይወጣ ደርሶ፣ በስመ አብ ብሎ አንገቷን ከቆረጠ እበላለሁ። ካለዚያ አልነካም። «ይህንኑ ለአቶ አለማየሁ ንገሪልኝ» አሉ። አቶ አለማየሁ እዚያው ሶፋ ላይ አጠገባቸው ተቀምጦ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ቤቴ የአደን ካምፕ ሆነ። ተራራ ላይ ሥጋ መሸከም አለብኝ ብሎ ከሥራ ሲመለስ አንድ ከረጢት ጤፍ ጀርባው ላይ አዝሎ ሰፈሩን ይዞራል። ዋይሊ ውስጥ ተራራ የት ይገኛል? ሁሉም ሜዳ ነው። ስለዚህ የሶልያና ትምህርት ቤት አጠገብ ያለችውን የጎርፍ ማውረጃ ጉብታ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል። ጎረቤቶቻችን በሰፈሩ የስልክ ግሩፕ ላይ «ጆንያ የተሸከመ ሰው እየዞረ ነው፣ የሚያውቀው አለ?» ብለው ፎቶውን ለጠፉት። እኔ ነኝ ገብቼ ባሌ ነው፣ ጆንያው ዱቄት ነው ብዬ የጻፍኩት። ዱቄት ማለቴ አደንዛዥ ዕፅ አስመስሎ ነገሩን አባባሰው እንጂ አላበረደውም።

ሄዱ። ከዚህ በኋላ ያለውን በዓይኔ አላየሁም፤ ከባሌም ከዳረልም የሰማሁትን ነው የማወራችሁ። የሁለቱ ወሬ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው ይበልጥ ያናደደኝ።

መጀመሪያ ብርድና ባዶ ተራራ ብቻ ነበር አሉ። አለማየሁ የሚጠጣው ውሃ ኮዳው ውስጥ በረዶ ሆነበት። በመጨረሻ አንድ ጠዋት፣ መኪናቸውን ካቆሙበት ብዙም ሳይርቅ፣ አንዲት ኤልክ ከዛፎቹ መሀል ወጥታ ቆመች። ልብ በሉ፣ ከመኪናው ብዙም ሳይርቅ። አለማየሁ ተኮሰ። መታት። በጉልበቷ ወደቀች። ዳረል ትከሻውን ቸብ አድርጎ ጥሩ ነው፣ አሁን ተቀመጥ፣ ግማሽ ሰዓት እንጠብቃለን አለው። የአደን ደንብ ነው። የተመታ አውሬ ካላባረሩት እዚያው ተኝቶ ይሞታል፤ ካባረሩት ግን በደመ ነፍስ ተነስቶ አገር አቋርጦ ይሄዳል።

ግማሽ ሰዓት! ለዳረል ግማሽ ሰዓት ቴርሞሱን ከፍቶ ቡና መጠጫ ነው። ለአለማየሁ ግማሽ ሰዓት በክት ነው። አባዬን፣ ሽሮውን፣ «አቶ አለማየሁን» አሰበ። ጠመንጃውን ዳረል እጅ ላይ ጣል አድርጎ፣ ቢላውን መዝዞ ሮጠ። መሮጥ ብቻ አይደለም፤ እስክደርስ ብትሞትስ ብሎ ቡራኬውን መንገድ ላይ ጀመረው። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ!» እያለ በጩኸት።

እስቲ በኤልኳ ቦታ ሁኑ። ተመትታችሁ ወድቃችኋል። ከላይ አንድ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰ ሰው ቢላ ይዞ እየጮኸ ይመጣባችኋል። አትነሱም? እኔ እነሳለሁ። እሷም ተነሳች። ቁልቁል ወደ ገደሉ ሮጠች፣ አለማየሁም ተከተላት፣ ዳረልም ከኋላ የሚያውቀውን ስድብ ሁሉ እያወረደ ተከተለ። ደሟን እያዩ፣ እየወደቁ፣ እየተነሱ፣ ከገደሉ ሥር አንድ ወንዝ ዳር ተኝታ አገኟት። መጀመሪያ የደረሰው አለማየሁ ነው። ዳረል ሲደርስ ባለቤቴ ተንበርክኮ፣ ባርኮ፣ አንገቷን ቆርጦ ጨርሷል።

ያን ቀን ማምሻውን ኮረብታ ላይ ወጥቶ ደወለልኝ። ድምፁ ይቆራረጣል። «ሰኒ፣ አረድኳት! በስመ አብ ብዬ አረድኳት!» አለኝ። ዕልል አልኩ። ለኤልክ ዕልል ያልኩ የዋይሊ ነዋሪ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። አባዬ ምንድነው ብለው ወጡ፤ ነገርኳቸው። «ይምጣና ይንገረኝ» ብለው ተመለሱ።

አሁን የማደን ደስታው አለቀ፣ የመሸከሙ ጣጣ መጣ። መኪናው ሥር ልትሞት የነበረችውን ኤልክ ከገደል ሥር ቆራርጠው በጀርባቸው ሊያወጧት ነው። አንዴ ተሸክመው ወጡ፣ ተመለሱ፣ እንደገና ወጡ። ዳረል እግሮቹን፣ ሽንጡንና ፊሌቶውን ይዘን ሌላውን ለአሞራ እንተው ይላል። አለማየሁ ጎድን ይጣላል እንዴ ብሎ ከነአጥንቱ ተሸከመ። ጨጓራውን አጥቤ ለዱለት ልያዘው ሲል ግን ዳረል በረዶው ላይ ቁጭ አለና መነሳት እምቢ አለ። ጨጓራው ቀረ። የአለማየሁ ጉልበትም ያኔ ነው ያበጠው፤ እስካሁን ደረጃ የሚወርደው ወደ ጎን ነው።

በዚያ ላይ ፎቶውን ለጓደኞቹ ላከ። ምን ብለው መለሱ መሰላችሁ? «አንተ፣ የሰው በቅሎ ነው እንዴ የገደልከው?» ሴት ኤልክ ቀንድ የላትም፤ ተኝታ ፎቶ ሲያነሷት እውነትም በቅሎ ትመስላለች። አንዱ እንኳን ደስ ያለህ አላለውም። ቀንዱስ? ጮማ አለው? ጥሬውን ይበላል? ብቻ ነው። ጮማ የለውም፣ ጥሬውም አይበላም፣ የዱር ሥጋ ሳይበስል ያሳምማል ሲላቸው ስልኩ ጸጥ አለ። ያ እግር የመጣው በዚህ ምክንያት ነው። አባዬም በቅሎ ነው እንዳይሉ ሰኮናውን ማስረጃ አድርጎ አመጣው።

የደረሱት በቅበላው ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው። ሥጋውን ወደ ጋራዥ ሲያስገቡ ዳረል ጠጋ አለኝና በእንግሊዝኛው አንድ ነገር ልጠይቅሽ አለኝ። ባልሽ ለምን ሮጠ? ሙሉውን መንገድ ጠየቅሁት፣ ይቅርታ ብቻ ነው የሚለኝ። አስረዳሁት። ሳትሞት መድረስ ነበረበት፣ በሥላሴ ስም ባርኮ ማረድ ነበረበት፣ ካለዚያ አባቴ አይበሉም አልኩት። ዳረል ኮፍያውን አውልቆ ብዙ አሰበ። ከዚያ «እኛም እኮ እንባርካለን፣ ግን ከተጠበሰ በኋላ ነው» አለኝ። ራት ጋበዝኩት።

ጥብሱን የሠራሁት እኔ ነኝ። ስብ የሌለው ሥጋ ጠብሳችሁ ታውቃላችሁ? መጥበሻውን ሙጭጭ ይላል። በዘይት አባበልኩት፣ ሽንኩርትና የጥብስ ቅጠል ጨመርኩ፣ ቃሪያ ከተፍኩ። ቤቱ ሸተተ። ዓመት ሙሉ ከሽሮ በቀር ያልሸተተው የአባዬ ጥግ ጥብስ ጥብስ አለ። አባዬ ጋቢያቸውን አስተካክለው ከፍ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። አለማየሁ እግሩን አመጣላቸው። አገላብጠው አዩት፣ በጣታቸው ስንጥቁን ለኩት። «ስንጥቅ ነው» አሉ።

ከዚያ አንድ ጉርሻ ጠቀለሉ። አልጎረሱም። ይዘውት ቀና አሉ።

«አቶ አለማየሁ» አሉ። «ቢላው ሲያርፍባት እስትንፋስ ነበራት?»

ነበራት። አንድ ቃል ናት። ከአለማየሁ በቀር ያየ የለም፤ ዳረል ኋላ ነው የደረሰው፣ ያውም አማርኛ አይችልም። ዓይኔን አፍጥጬ አየሁት። በል እንጂ! ምን ታያለህ? በጠረጴዛው ሥር በእግሬ ረገጥኩት፤ ያበጠውን ጉልበቱን ነው ለካ፣ ፊቱ ተኮማተረ። ሶልያናን አየ። አባዬን አየ።

«አልነበራትም፣ አባባ» አለ። «ሮጬ ነበር። ስደርስ ዓይኗን በጣቴ ነካሁት፣ አልጨፈነችም። ባርኬ ቆረጥኩ፤ ግን ሞታ ነበር።»

አይ አለማየሁ! እንግዲህ ፍረዱኝ። የሱቅ ሥጋ ሲሆን የሚዋሽ ሰው፣ ከኮሎራዶ ድረስ ለተሸከመው ሥጋ እውነተኛ ይሆናል? ጊዜ አጣ? ያ ሁሉ ዕጣ፣ ያ ሁሉ ጤፍ፣ ያ ሁሉ ዕልልታ የት ሊገባ ነው? ደሜ ፈላ። የአባቴ ሱሪ፣ በምስማር የበሳሁት ቀበቶ፣ የገና አውሮፕላን ትኬት፣ ሁሉም በአንዴ ፊቴ ላይ መጣብኝ። ማንኪያውን አስቀመጥኩት ልበላችሁ ወይስ ወረወርኩት፣ ብቻ ድምፅ አሰማ። ዳረል ብቻ «ሜን፣ ዚስ ኢዝ ጉድ» እያለ ይበላል።

አባዬ ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሱት። ልክ እንደዚያን ቀን። እጃቸውን በናፕኪን ጠረጉ፣ እያንዳንዱን ጣት ለየብቻ።

«አለሙ» አሉ።

በደንብ ያልሰማሁ መሰለኝ። አለማየሁም ዞር ብሎ ሌላ ሰው የገባ ይመስል በሩን አየ።

«አለሙ፣ አንተን እኮ ነው። ጉልበትህን ምን ሆንክ?»

«ወድቄ ነው፣ አባባ።»

«ለእኔ ብለህ?»

አለማየሁ ያበጠውን ጉልበቱን በእጁ ሸፈነ። አባዬ ሰኮናውን ከፊታቸው ገፋ አደረጉና፣ በሁለተኛው ጊዜ ካበሻው ሥጋ ቤት አመጣሁ ያልከኝ፣ ሲባረክ ቆሜ አየሁ ያልከኝ፣ እሱ እውነት ነበር? ብለው ጠየቁት። እውነት ነበር አላቸው። «እንግዲያውስ ከእሱ አምጣልኝ» አሉ። «አንተ አየሁ ካልክ ይበቃኛል። ይህን ሁሉ ተሸክመህ መጥተህ ያልዋሸኸኝ ሰው፣ ለሁለት ኪሎ ሥጋ አትዋሸኝም።»

አሥር ደቂቃ! ከቤታችን አሥር ደቂቃ የሚርቅ ሥጋ ቤት ለመድረስ ነው ለካ በአማሪሎ ከተማ አድርገን፣ ኮሎራዶን ዞረን፣ ገደል ገብተን የወጣነው። ልስቅ ወይ ላለቅስ አላውቅም፣ ሁለቱንም ጀመርኩ። አለማየሁ እያነከሰ የመኪናውን ቁልፍ ይዞ ተነሳ። ቆይ፣ መጀመሪያ ኮል አድርግ አልኩት። ደወለ። ሥጋ ቤቱ ተዘግቷል። ቅበላ አይደል? አበሻው ከጠዋት ጀምሮ ተሰልፎ፣ አጥንት እንኳ አልቀረም አለው ባለቤቱ።

በማግሥቱ ጾም ገባ። አባዬን ሕመምተኛ አይጾምም ብላቸው ማን ሊሰማኝ! ምስርና ጎመን እያፈራረቅሁ፣ ሐኪሙን እየተለማመጥኩ ገና ድረስ አደረስኳቸው። ስለ ትኬት ግን ያነሳ የለም። አንድ ቀን እኔው ሞኟ አነሳሁት። «አለሙ ለገና ሥጋ ያመጣልኛል ብሎኝ የት እሄዳለሁ?» አሉኝ። ለገና አለማየሁ አምጥቶ፣ እኔ ስቡን ለቅሜ ጠብሼ፣ አባዬ በሉ። ሁለቴ አስጨመሩ። ቀበቷቸው ወደ ድሮው ቀዳዳ ተመልሳለች፤ እኔ የበሳሁት ባዶውን ቀርቷል።

ኤልኳ ግን አለች። በክት መሆኗን ባሌ በገዛ አፉ መስክሯል፤ ታዲያ አባዬ በሚበሉበት ድስት ላብስላት? ለማኅበር ጓደኞቼ ልስጥ ብል የመጀመሪያው ጥያቄያቸው ተባርኮ ነው? ሆነ። ሥራ ቦታ አብራኝ የምትውለውን ዘምዘምን ጠየቅኋት፤ እሷም ቢስሚላህ ተብሏል? አለችኝ። በስመ አብስ ተብሏል፣ ያውም ዘግይቶ ብዬ እንዴት ላስረዳት? ዳረል የራሱ ፍሪዘር ሞልቷል። አለማየሁ ደግሞ ጉልበቴን ያጣሁበት ሥጋ ነው፣ እንዲሁ አይወጣም ይላል። እግሩን እንኳ ልጣለው ስል ሶልያና «ማሚ ኖ! ለሾው ኤንድ ቴል ነው!» ብላ ጮኸችብኝ፤ ትምህርት ቤት ወስዳ ለክፍሏ ልጆች ልታሳየው ነው።

ባለፈው ሰሞን ዳረል ደውሎ የዘንድሮው ዕጣ ማመልከቻ ተከፍቷል አለው። አለማየሁ ዓይን ዓይኔን ያያል። ዘንድሮስ አልሮጥም፣ አጠገቧ እስክደርስ አልተኩስም ይላል።

ለልጄ ሁልጊዜ እውነት ተናገሪ ነው የምላት። አሁንም እላታለሁ። ግን እውነት መናገር ይህን ያህል ፍሪዘር እንደሚፈልግ እኔን ማንም አልነገረኝም።